አርባ ሁለት ግራም

ከመታጠቢያ ቤት በር ኋላ ተደብቆ፣
ባልዲው ተቀምጧል ጉሮሮውን አንቆ።
በውስጡ የማሕቶት የሽንት ጨርቆች አሉ፣
ሦስት ቀን ሙሉ ጨለማ የዋሉ።

"ውሃ አታድርጉበት" ብላን ነበር አዋላጇ፣
ባልዲውን አንስታ ስታሳየን በእጇ።
"ዘፍዝፋችሁ ብታቆዩት ይበሰብሳል ክሩ፤
ዓይነ ምድሩን ብቻ አራግፉና ደርድሩ።
ቢበዛ ሦስት ቀን። ከዚያ ካለፈማ…"
ብላ አፍንጫዋን ያዘች። ገባን ሳንሰማ።

ምድር ቤት አንድ ማሽን አለ ላሥራ አንድ ቤተሰብ፤
ሰኞና ሐሙስ ጧት ነው ለኛ የወጣው ሒሳብ፤
በነሱ ሰባት ሰዓት፣ በኔ ቆጠራ ገና አንድ።
ወይዘሮ ኢምሆፍ ቁልፉን
በበሯ ስንጥቅ ትዘረጋለች፣ በግማሽ ክንድ።
"ማጣሪያውን ጥረጉ" የሚል ወረቀት ለጥፋ፣
አራት ጊዜ አስምራበት፣ በቀይ ቀለም ጽፋ።

ማጥባቱ የጸዳለ፣ ማጠቡ የኔ ነው፤
በሆሄ ቅንጣት ነው ሥራ የተካፈልነው።
ስድሳ ዲግሪ። ማለስለሻ የለም፤ ጨርቁን ያሰባዋል፣
ያኔ ሽንቱን አልጠጣም ብሎ በእግሯ ያፈሰዋል።
ያልለቀቀውን እድፍ ለፀሐይ እሰጣለሁ፤
የቪንተርቱር ፀሐይ ግማሽ ቀን ነው ሥራዋ፣ እጠብቃታለሁ።

አንድ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ
ትውከት ብቻ ሆነ ቤቱ፣ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ።
የስምንት ወር ልጅ፣ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ፣
አልቅሳ አልቅሳ አልወጣ አላት እንባ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው።
ጎንበስ ብሎ ጠየቀን፦ "ሽንቷስ እንዴት ነው?
የመጨረሻው ጨርቅ መቼ ነው የራሰ?"
ስንቱን ያጠብኩት ሰው፣ ቃሌ ተበጠሰ።

ቱቦ ሰኩ በክንዷ፤ የወረቀት ዳይፐር አለበሷት፣
ነርሷ በየሰዓቱ መጥታ ዳሰሰቻት።
ደረቅ።
በሌላው ሰዓት፦ ደረቅ።
በረሃ አይቼ አላውቅም፤ ያን ሌሊት ግን አየሁ፣
የመዳፌን ስፋት ያህላል። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።
ጸሎት ሳላሳምር፣ እንደመጣልኝ አልኩ፦
"ሽንቷን ስጠኝ ጌታ ሆይ።" ያንኑ ደጋገምኩ።

ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ነርሷ ዳይፐሩን ሚዛን ላይ ጫነች፤
"አርባ ሁለት ግራም!" አለች፣ አውራ ጣቷን ቀሰረች።
ጸዳለ እልልታዋን በመዳፏ አፈነች፣
ከጎን አልጋ የተኛች ሕፃን እንዳትነቃ ፈራች።

ዓርብ ቤታችን ገባን። ተራችን ሁለቴ አልፏል፤
ባልዲው ግን ቀን ቆጥሮ እንደ ጠላ ጥንስስ ተብላልቷል።
ክዳኑን ሳላቅቀው ሽታው ገፈተረኝ፣
የሳምንቱን እንቅልፍ ከዓይኔ ጠረገልኝ።
አንዱን ጨርቅ አነሣሁ፣ ከቅዳሜ የነበረ፣
ቢጫ ካርታ የሠራ፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ፣
ሙሉ፣ ከባድ፣ እርጥብ።
አፍንጫዬን ይዤ፣ ፊቴን አዙሬ፣
ስንት ወር ሙሉ ጤናዋን ነው ለካ ያጠብኩት፣
ምስክር ወረቀቷን በስድሳ ዲግሪ የደመሰስኩት?

ባልዲውን አንጠልጥዬ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ።
"ዛሬ ዓርብ ነው" አለች በስንጥቁ፤ አውቃለሁ፣ አልኩ፣ አውቃለሁ፣
ሆስፒታል ነበርን፣ ልጄ… የጀርመንኛው ቃል ጠፋኝ።
ባልዲውን አየችው። ሽታው የቀረውን ነገራት፣ አስተረጎመልኝ።

የዓርብ ተራ የራሷ ነው።
ወርዳ አንሶላዋን ከማሽኑ እርጥቡን አወጣች፣
በክንዷ ታቅፋው ደረጃውን ጀመረች፤
ከላይ ዘወር ሳትል፦
"ማጣሪያውን ጥረግ" አለች።

ጠረግሁት።